ሆዱ ወደ ውሃ

ባለፈው ኅዳር ጅማ ውስጥ አንድ ስብሰባ ላይ ተጠርቼ ሄድኩ። የሆቴል አዳራሽ ስብሰባ ነፍሴ አትወደውም። ወንበሩ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ወገቡ ላይ ሪባን ታስሮለት እንደ ሙሽራ ተሽሞንሙኗል። ተናጋሪው ሁሉ ክቡራንና ክቡራት ሲል ግማሹን ሰዓት ይጨርሰዋል። ለሻይ ዕረፍት ደግሞ የቀዘቀዘ ሳምቡሳ በሶፍት ተጠቅልሎ ይሰጣል፤ ሶፍቱ ዘይቱን ጠጥቶ ሳምቡሳው ላይ ይጣበቃል። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ወረቀት የምበላው ምን ኃጢአት ሠርቼ ነው እያልኩ ተቀመጥኩ።

ሦስተኛው ተናጋሪ አንድ ቀጭን ወጣት መምህር ነበር። ጥናቱ ባሕር ላይ ስለሚንሳፈፉ ግዙፍ ግንባታዎች ነው። የኳስ ሜዳ የሚያህል ነገር ውሃ ላይ ሲቀመጥ ከሥር የሚሸከመው ጎባጣ ቅርፊት እንዴት እንደሚነደፍ፣ ውፍረቱና ጉብጠቱ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ያስረዳል። ከኋላዬ አንዱ፣ «መጀመሪያ ባሕሩን ያምጣልና!» አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ግን አልተደናገጠም። ሥዕሉን በቀይ መብራት እየነካ፣ «ዋናው ነገር ይህ ነው፤ የቅርፊቱ ሆድ ወደ ውሃ መዞር አለበት» አለ።

ሆድ የሚለውን ቃል ሰምቼ ሆዴ ተገለበጠ ብል ቀልድ ይመስላል። ቀልድ አይደለም፤ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ከሆቴሉ ጀርባ ያለው ወንዝ ዝናቡ ከቆመ ወዲህ ጠረኑ ተነሥቷል፤ ላስቲክ፣ የበሰበሰ አትክልት፣ ጭቃ። አፍንጫዬን ያዝኩ። ከዚያ ድሮም አንድ ቀን እንዲሁ አፍንጫዬን መያዜ ትዝ አለኝና እጄን አወረድኩ። ሽታውን እየሳብኩ እዚያው ብዙ ቆየሁ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው፤ ጅማ ለትምህርት መጥቼ ስጨርስ በዚያው ቀረሁ። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ መሐንዲስ ተብዬ፣ ነጭ ሸሚዝ እየተኮስኩ እኖር ነበር። ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ከአሰንዳቦ ወረድ ብሎ የመብራት ኃይል ግድብ ውሃ ተኝቶ የድሮውን የገበያ መንገድ ውጦታል። ማዶ ያለው ሰው ገበያ ለመውጣት ግማሽ ቀን ይዞራል፤ ምጥ የያዛት ሴትም እንዲሁ። ታዲያ አንድ ፕሮጀክት መጣ፤ ዛሬ የለም፣ ስሙንም አልጠራም። ሰውና እህል ጭኖ በገመድ እየተሳበ የሚሻገር ትልቅ ተንሳፋፊ መድረክ ሊሠራ ነው ተባለ። እኔም በሙከራ ተቀጠርኩ፤ ሥዕሉን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ብረቱ ውድ ስለሆነ የመድረኩን ሥር በሲሚንቶ ለመሥራት አሰብኩ። የሽቦ መረብ ተደራርቦ ይዘረጋል፣ በቀጭኑ በሲሚንቶ ይለሰናል፤ ውፍረቱ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ሲሚንቶ ይንሳፈፋል እንዴ ብሎ የሳቀብኝ ብዙ ነው። ቅርጹን ካወቁበት ይንሳፈፋል! እንቁላል በመዳፉ ጨብጦ ለመስበር የሞከረ ሰው ይገባዋል። ውሃ ጎባጣውን ከውጭ ሲገፋው ሲሚንቶው እርስ በርሱ ይደጋገፋል፤ ሲጫኑት ይችላል። ገልብጠው ጎድጓዳውን ለውሃ ቢሰጡት ግን ውሃው ይለጥጠዋል፤ ሲሚንቶ ደግሞ መለጠጥ አያውቅም፣ ይሰነጠቃል። ነገሩ ይኸው ነው። ባሕር ላይ የሚገነቡት ሰዎችም በቅርፊት ጉዳይ እንቅልፍ የሚያጡት በዚሁ ነው፤ የእነሱ ሒሳብ ይረዝማል እንጂ።

የሚሠራው ሰው ጋሽ ሀንዲሶ ነበሩ። ከሆሳዕና በኩል በወጣትነታቸው ለቡና ለቀማ መጥተው ሊሙ ገነት የቀሩ ግንበኛ ናቸው። በዚያ አካባቢ ካሉት የቡና ማጠቢያ ገንዳዎች አብዛኞቹን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ውሃ የሚይዝ ሲሚንቶ እንደ እሳቸው የሚያውቅ አላየሁም። ልስኑን በግንበኛ ማንኪያቸው ጀርባ ያሹታል፣ ያሹታል፣ ሲደርቅ በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ከዚያ «ጌታ ይመስገን፣ ዘግቷል» ይላሉ። አማርኛቸው ውስጥ ኦሮምኛው ይገባል፣ ሲናደዱ ደግሞ ሀዲይኛው። ጴንጤ ናቸው፤ አይጠጡም፣ አይሳደቡም። እኔ ሠራተኛውን ስሳደብ ሲሰሙ «ልጄ፣ አፍሽን ለምግብ አቆዪው» ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ፣ ከዚያ እሳደባለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ከቤት ያመጡትን ቆጮ እያካፈሉኝ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው ነገሩኝ። ምእመኑ እስከዚያ ድረስ የሚጠመቀው ወንዝ ወርዶ ነው። በቡና ወራት ደግሞ የማጠቢያው ዝቃጭ ወንዙ ውስጥ ይለቀቃል፤ የቡናው ገለፈት በስብሶ፣ ውሃው ጠቁሮና አረፋ ደፍቆ ነው የሚወርደው። እኔ አንድ ጊዜ በድልድዩ ሳልፍ የመኪናውን መስኮት ዘግቼ እንኳ ሊያስመልሰኝ ነበር።

«የጥምቀት ገንዳ ልናሠራ ነው» አሉኝ። «እኔ ልሥራው ብዬ ለሽማግሌዎቹ ተናገርኩ፤ እሺ አሉ። ልጄ ሶስና በሚመጣው ዓመት ትጠመቃለች። ንጹሕ ውሃ ውስጥ፣ አባቷ በሠራው ውስጥ ትግባ። ከዚያ በኋላ ጌታ ቢጠራኝም ግድ የለኝም።»

«ምን ሆነው ነው የሚጠራዎት? ገና ጎረምሳ አይደሉ እንዴ!» አልኳቸው። በጣም ሳቁ።

ቅርፊቶቹን የሠሩት በአፈር ክምር ላይ ነው። አፈሩን እንደ ጉብታ አስተካክለው፣ ላስቲክ አልብሰው፣ መረቡን ዘርግተው ይለስኑበታል፤ ሲጠነክር ተነሥቶ የብረት ፍሬም ላይ ይገጠማል። አንድ ለሙከራ፣ አሥራ ሁለት ለሥራ። ሁሉም አምሮ ደረሰ። ሊገጠሙ ሲሉ እኔን ወባ ጣለኝ። መኪና ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ ሥዕሉ በቦርሳዬ ውስጥ መቅረቱን እንኳ ሳላስታውስ፣ አንገቴን በመስኮት አወጣሁ።

«ጋሽ ሀንዲሶ፣ አደራ! ሆዱ ወደ ውሃ!»

«ሆዱ ወደ ውሃ፤ ሰምቻለሁ። ሂጂ ታከሚ» አሉኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ ቅርፊቶቹ ተገጥመው፣ ከላይ ጣውላው ተመትቶ ሁሉም ተዘግቷል። መድረኩ ውሃው ዳር ግንድ ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ ምን እንዳለ ለማየት ጭቃው ላይ ተንበርክኮ መግባት ያስፈልጋል። ጭቃው ደግሞ የት አባቱ! ውሃው ሸሽቶ የተወው ነው፤ የሞተ ዓሣ፣ የከብት እበት፣ ሥሩ የበሰበሰ ዛፍ፣ አልቅት። ጎንበስ እንዳልኩ ጠረኑ ፊቴን መታኝ። ሸሚዜን አየሁት፤ አዲስ ነው። አፍንጫዬን ይዤ ቀና አልኩ።

«ጋሽ ሀንዲሶ፣ ሆዱ ወደ ውሃ ነው አይደል?»

«ሆዱ ወደ ውሃ፣ ልጄ። አሥራ ሁለቱም።»

«በቃ፣ እንግዲያው ጥሩ» አልኩና ወደ ጥላው ተመለስኩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ያቺን አንድ ደቂቃ ሳስባት ራሴን እጸየፋለሁ።

ለምርቃቱ ድንኳን ተተከለ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ አቶ ወንድይፍራው ይባል ነበር። ስለ እሱ ስጽፍ አንቱ አልልም፤ ያኔ ብዬዋለሁ፣ ይበቃዋል። ጠዋትም ማታም ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ የሚያወራ፣ ከጥርሱ ያወጣውን አይቶ መልሶ የሚበላ ሰው ነው። ያን ቀን እንግዶቹን በሙሉ ልብሳቸው መድረኩ ላይ ደረደራቸው። ከኋላ የበቆሎ ጆንያ የያዙ ሴቶችና በግ የሚነዱ ገበሬዎች ተሳፈሩ። ገመዱ ተሳበ፣ እልልታው ቀለጠ። እኔም እንባዬ መጣ፤ አልዋሽም፣ ያን ጊዜ ከእኔ በላይ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ከዳር ብዙም ሳይርቅ ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ያን ድምፅ ማንም ልብ አላለውም፤ ዳር ላይ ከጎኔ የቆሙት ጋሽ ሀንዲሶ ብቻ ጆሯቸውን አቀኑ። «ተሰነጠቀ» አሉ ቀስ ብለው። ወዲያው በጣውላው መሐል ውሃ መፍለቅ ጀመረ። ገመዱን ወደ ኋላ ሳብነው፤ ጥልቀቱ ደረት ድረስ በሚሆንበት ቦታ መድረኩ ቁጭ አለ። ተመስገን፣ ሰው አልሞተም። የአንዲት ሴት ሁለት በጎች ግን ሰመጡ። እንግዶቹ በዚያ በሚገማ ጭቃ እየተንቦጫረቁ ወጡ፤ አንዱ ትልቅ ሰው ጫማው እዚያው ቀርቶ በካልሲው ቆሞ ይንቀጠቀጥ ነበር። አቶ ወንድይፍራው ስቴኪኒውን እንደነከሰ ደንዝዞ ቀረ።

በማግስቱ በትራክተር ጎትተን ገለበጥነው። አሥራ ሁለቱም ቅርፊቶች እንደ ጎድጓዳ ሳሕን አፋቸውን ወደ ውጭ ከፍተዋል፤ ሰባቱ ተተርትረዋል። ጎባጣው ወደ ውስጥ ነው! ጮህኩ።

«ጋሽ ሀንዲሶ! ሆዱ ወደ ውሃ አላልኩዎትም?»

«ብለሻል። ይኸው፣ ሆዱ ወደ ውሃ ነው» አሉኝ ግራ ገብቷቸው።

ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው አንዲት የቡና ፍሬ አወጡ፤ የሊሙ ሰው ኪሱ ቡና አያጣም። መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት። ጎባጣውን በጥፍራቸው ነክተው «ጀርባ» አሉ። ገልብጠው፣ ጠፍጣፋውንና መሐሉ ላይ ያለውን ስንጥቅ አሳዩኝ። «ሆድ። በኦሮምኛም ገራ።»

ለእኔ ሆድ ማለት የእንስራ ሆድ ነው፣ የነፍሰ ጡር ሆድ፣ ወደ ውጭ የተነፋው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲለቅሙ፣ ሲያጥቡ፣ ሲመርጡ ለኖሩት ሰዎች ግን ሆድ ማለት ወደ ውስጥ የገባው ነው፤ የተነፋው ጀርባ ነው። ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው፣ ሁለት ጊዜ በትክክል መለሱልኝ። ሁለታችንም አንድ ቃል ይዘን ሁለት ነገር እናይ ነበር።

«ጎባጣውን ነው ያልሽው?»

«ጎባጣውን ነው።»

ፍሬዋን በጥፍራቸው መልሰው ገለበጧት። «ታዲያ ለምን ጀርባ አላልሽኝም፣ ልጄ?» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ እውነት ጥያቄ ነው። ቀጥለውም «ምንም አይደል። ነገ ለኃላፊው እንንገረው፤ ቃል ነው ያሳሳተን። እንደገና እሠራዋለሁ» አሉ።

ያን ቀን ከሰዓት አቶ ወንድይፍራው አሰንዳቦ አንድ ሥጋ ቤት አስጠራኝ። ፊቱ የጥሬ ሥጋ ክምር አለ፤ ከጎኑ አዋዜ፣ ከአዋዜው አጠገብ የተጻፈ ወረቀት። ግንበኛው የሙያ ብቃት የሌለው መሆኑን፣ ሥዕሉን ትቶ በራሱ ፈቃድ ቅርፊቱን ገልብጦ መግጠሙን፣ ውሃ የሚይዝ ሥራ መሥራት የማይችል መሆኑን ይዘረዝራል። ከታች የእኔ ስም አለ።

«ቃል ነው ያሳሳተን። እኔም ገብቼ አላየሁትም» አልኩት። ስለ ቡናዋ ፍሬ ነገርኩት።

ሳቀ። አፉ ውስጥ የሚታኘከው ሁሉ ታየኝ። «መድረኩን ያሰጠመው ቡና ነው ብዬ ልጻፍ? አንቺ ልጅ ጤነኛ ነሽ? የሙከራ ጊዜሽ የሚያልቀው በሚቀጥለው ሳምንት መሰለኝ። እሱ እንደሆነ ግንበኛ ነው፣ ምን ይሆናል? ሌላ ቦታ ሄዶ ይለጥፋል። ፈርሚ በይ።»

እስክሪብቶውን ሰጠኝ፤ አዋዜና ቅባት ነክቶት ያንሸራትታል። ፈረምኩ። ተገድጄ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ እጄን የያዘኝ ሰው ግን አልነበረም። ሥራዬን ፈለግሁት፣ ስሜን ፈለግሁት፣ ፈረምኩ። ከዚያ በቢላዋው ጫፍ አንድ ጮማ ቆርጦ፣ በዚያ ጥርሱን በሚጎረጉርበት ጣቱ ይዞ «እሰይ፣ ጎበዝ! ጉረሺ» አለኝ። ጎረስኩ። ጎረስኩ እኮ! አላምጬም ዋጥኩት። ከሥጋ ቤቱ ጀርባ ሄጄ አስመለስኩ፤ ፊርማው ግን ከጠረጴዛው አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ ጥሬ ሥጋ በልቼ አላውቅም፤ ሰው ጾመኛ ናት ይለኛል።

ወረቀቱ በማግስቱ በሠራተኛው ፊት ተነበበ። ጋሽ ሀንዲሶ ኮፍያቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲያልቅ «ኢንጂነሯ ታውቃለች። እሷ ትናገር» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ኮፍያቸውን አድርገው፣ ማንኪያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ የሊሙን መኪና ሊጠብቁ ወደ አስፋልቱ ወጡ።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ደረሰ። «ሀንዲሶ የሠራው ውሃ አይይዝም» ተባለ፤ መኪና ረዳቱም፣ ቡና አጣቢውም ይህንኑ አወራ። የማጠቢያ ሥራ የሚሰጣቸው ጠፋ። የቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌዎች የመንግሥት ወረቀት እንዲህ እያለ እንዴት እንመን ብለው ገንዳውን ለሌላ ሰው ሰጡት። ይህን የነገረኝ አብሮን ይሠራ የነበረ ሰው ነው፣ ጅማ ገበያ መሐል። «አይ ያሳዝናል» አልኩና ቲማቲም መምረጤን ቀጠልኩ። ጅማና ሊሙ ገነት ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይሆናል። ከሃያ ዓመት በላይ ግን እግሬን አላነሣሁም።

ከስብሰባው በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ወራቱ የቡና ነው፤ በየመንገዱ ቀይ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፣ ከድልድዮቹ ሥር ያው የድሮው ጠረን ይመጣል። መስኮቱን አልዘጋሁም። ሊሙ ገነት ወርጄ ስጠይቅ አንዲት ቡና መራጭ «ያ ውሃ አይይዝም የሚሉት ሽማግሌ?» አለችኝ። ተከተልኳት።

ጋሽ ሀንዲሶ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ዓይናቸው ደፍርሷል። ትንሽ አዩኝና «አንቺ ደግሞ ሸበትሽ!» አሉ። አስገቡኝ፤ የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ ቀረበልኝ። አንድም ሳልጎርስ ተናገርኩ። ሆዱ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጎንበስ ብዬ ያላየሁት ጭቃው ሸቶኝ ነው፣ ወረቀቱ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ፈረምኩ አልኳቸው። ይቅርታ ጠየቅሁ።

የጎደሬውን ሳሕን ወደ እኔ አስጠጉት። ከዚያ «ሶስና ወንዝ ነው የተጠመቀችው» አሉ። «በቡና ወራት ነበር። ከውሃው ስትወጣ ልብሷ ይሸት ነበር። ሁሉም ዘመረ፤ እኔ አልቻልኩም፣ ሽታው ነበር የሚሰማኝ።»

«ገንዳውስ?»

«ገንዳው አለ። ያፈሳል። በየዓመቱ ይለጥፉታል» አሉና የመጀመሪያ ፈገግታቸውን አየሁ።

እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ለሙከራ የሠራናት፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ በጭነት መኪና ያስመጧት አሥራ ሦስተኛዋ ቅርፊት እዚያ አለች፤ ጎድጓዳዋ ወደ ላይ ሆኖ፣ ውሃ ሞልታ፣ አንዲት ጥጃ ትጠጣባታለች። ከሥር መሬቱ ደረቅ ነው። ጋሽ ሀንዲሶ ጎንበስ ብለው ጠርዟን በጥፍራቸው መቱ። «ስሚ» አሉኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ዘግቷል» አሉ።

ልሰናበት ስል እጄን አልለቀቁም። «ይቅርታሽን ጌታ ይስማልሽ፤ እኔም ሰምቻለሁ። ግን ስሜን የወሰዳችሁት በአፍ አይደለም፣ በወረቀት ነው። በወረቀት መልሺልኝ። ሽማግሌዎቹ ያንብቡት።»

የመጣሁበትን መኪና ይዤ ጅማ ገባሁ። ብዙ ሌሊት አስቤ ያገኘሁት ነገር የለም፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተጸየፍኩት ጭቃውን፣ የሰውየውን ጥርስ፣ አዋዜውን ነበር፣ የሚሸተው ግን እኔው ጋ ነው። እሱን ማጠብ መቻሌን እንጃ። ወረቀቱን ግን መጻፍ እችላለሁ፤ ይኸው ጻፍኩት። አንዱ ግልባጭ ሊሙ ገነት ለሽማግሌዎቹ ይሄዳል፤ በንጹሕ እስክሪብቶ ፈርሜበታለሁ። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ ሆዱ ወደ ውሃ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ገብቼ ያላየሁት እኔ ነኝ፤ እያወቅሁ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ሀንዲሶ የሠሩት ውሃ ይይዛል።